«ከዚህ ምን ይከተላል?» ስለሚሉ ጥያቄዎች የቀረበ ሒስ

ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ በሚሰጠው የችሎታ ፈተና፤ እንደዚሁም በሎጂክ ትምህርት፤ ተማሪው ሁለት ወይም ሦስት መነሻ ቃሎች ተሰጥተውት ከእነዚህ ምን ይከተላል ተብሎ ይጠየቃል። ከተጻፈው ውጪ ምንም ማምጣት አይፈቀድለትም። ይህን ደንብ በመሠረቱ እንቀበለዋለን፤ ነቀፌታችን በአጠያየቁ ላይ ነው።

ምሳሌውን ከሳንጃ እንውሰድ። «ወባ የያዘው ሰው ሁሉ ትኩሳት አለው፤ በሰሊጥ አጨዳ ላይ ያለ አንድ የቀን ሠራተኛ ትኩሳት አለው።» ስለዚህ ወባ ይዞታል የሚል ተማሪ ዜሮ ቢሰጠው ተገቢ ነው፤ ትኩሳት የሚመጣው ከወባ ብቻ ነው አልተባለምና። ይህ ስሕተት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ከሳንጃ እስከ መተማና ሑመራ ባለው ቆላ ካላአዛር የሚባል በሽታ አለ፤ ይኸውም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፤ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን ሠራተኞች በብዛት ያጠቃል። እርሱም እንደ ወባ ያተኩሳል፤ ጣፊያም ያሳብጣል፤ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ትኩሳቱን አይቶ ብቻ የወባ ክኒን ሰጥቶ የሚያሰናብት ሰው ሕመምተኛውን በዚሁ በተሳሳተ መደምደሚያ ይሸኘዋል።

ነገር ግን የጠያቂው መነሻ ቃል ራሱ እውነት አይደለም፤ ወባ በደሙ ውስጥ ኖሮ የማያተኩሰው ሰው በቆላ አገር አለ። የቆላው ልጅ ይህን እያወቀ ዝም እንዲል ይገደዳል። ሩሲያዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 የኡዝቤክስታንን ገበሬዎች በሩቅ ሰሜን ስላሉ ነጭ ድቦች እንዲህ ባለ ጥያቄ ቢፈትናቸው፤ ካልተማሩት ብዙዎቹ ስላላዩት ነገር ለመናገር እንቢ አሉ። ይህን የማሰብ ጉድለት ነው ለማለት አንደፍርም። ያላየ አይመሰክርም፤ እኔ አላየሁም፤ ስለዚህ አልመሰክርም ማለት እንከን የሌለው አመክንዮ ነው፤ በዳኛ ፊት ቢሆን ደግሞ ያስመሰግናል።

ሌላው ጣጣ የቋንቋ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሁሉም ሠራተኛ አልታመመም» የሚል ቃል ይገኝበታል። ይህ አንድም ሠራተኛ አልታመመም ማለት ነው? ወይስ የታመመም ያልታመመም አለ? አማርኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ የመልሱ ቁልፍ ግን አንዱን ብቻ ይቀበላል። ተማሪው ሳያጠፋ ነጥብ ያጣል። ጠያቂው የመጀመሪያውን ከፈለገ «አንድም» ይበል፤ ሁለተኛውን ከፈለገ «የታመመው ሁሉም ሠራተኛ አይደለም» ብሎ ይጻፍ። ይህ ከአንድ መስመር በላይ አያስወጣውም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ንኡስ ጥያቄ እንዲታከልለት እናሳስባለን፤ ይኸውም መደምደሚያው የማይከተል ከሆነ ለመወሰን ሌላ ምን ማወቅ ያስፈልጋል የሚል ነው። የሳንጃውን ሠራተኛ በሚመለከት መልሱ ትኩሳቱ ስንት ሳምንት እንደ ቆየ፤ ሰውነቱ እንደ ከሳ፤ የደሙም ምርመራ ለወባ ብቻ ሳይሆን ለካላአዛርም እንደ ተደረገ መጠየቅ ይሆናል።