የጎንደር ሥዕል በባንክ ካዝና

በማኅበራችን አዳራሽ ለወጣቶችና ለወላጆች ባዘጋጀነው አንድ ምሽት የአንድ አሮጌ ሥዕል ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ አሳይተን ነበር። ሥዕሉ «ኩርዓተ ርእሱ» ይባላል፤ የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስን ያሳያል። አንዲት እናት ወዲያው «ልጆቼ፣ የክርስቲያን ሥዕል ለእኛ ምናችን ነው?» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ያን ዕለት በቅጡ ስላልመለስንላቸው እዚህ ልንሞክር ተነሣን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሥዕሉ በእንጨት ላይ የተሣለ ትንሽ ነገር ነው። በ1500ዎቹ መጀመሪያ ግድም በአውሮፓ ተሠራ። ሠዓሊው ፍሌሚሽ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፣ የለም ፖርቱጋላዊ ነው የሚሉም አሉ። ብቻ በትውልዱ ፈረንጅ ነው። ጎንደር ከገባ በኋላ ግን ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ፣ መኳንንቱም በፊቱ ይምሉ ነበር። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ጦር ድል ሲሆኑ ሥዕሉ ተማረከ፤ በኋላም በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። የአገራችን ሠዓልያንም ደጋግመው ቀዱት። መቅዳት ብቻም አልነበረም፤ ግራና ቀኝ ቆመው አክሊሉን በዱላ የሚመቱ ሁለት ሰዎች ጨመሩበት። ስሙን ያስተዋለ ምክንያቱን ይረዳዋል፤ «ራሱን መመታቱ» ማለት ነውና። ስለ ሥዕሉ ያነበብናቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ የመጀመሪያው ሠዓሊ ማን ነው በሚለው ላይ ሲከራከሩ ይውላሉ። እኛ ግን ይበልጥ የሚደንቀን የእነዚህ የጎንደር ሠዓልያን ሥራ ነው። የባዕድ ሥዕል ተቀብለው የራሳቸው አድርገውታል።

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። በጎንደር ግንበኞችና አናጢዎች መካከል የቤተ እስራኤል ሰዎች እንደነበሩ አባቶቻችን የሚነግሩን ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ይመሰክሩታል። ሌላም ነገር አለ። ሄንሪ አሮን ስተርን የሚባል፣ በጀርመን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ሃይማኖቱን የለወጠ ሚስዮናዊ፣ በ1860 የእኛን ሰዎች ሊያስለውጥ መጣ። በ1863 አፄ ቴዎድሮስ አሰሩት። እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር እየተመሩ በ1868 መቅደላ ድረስ የዘመቱት እሱንና ሌሎቹን እስረኞች ለማስፈታት ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ከአገር ያስወጣው ጦርነት ከእኛ ደጅ ጋር የተነካካ ነበር ማለት ነው።

መቅደላ ሚያዝያ 13 ቀን ወደቀች፤ ንጉሡም ራሳቸውን ገደሉ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ለሙዚየሙ ብዙ መጻሕፍት ሰብስቧል፤ ይህችን ሥዕል ግን ለራሱ አስቀራት። በ1872 አፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥትና ሥዕሉ እንዲመለሱላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። መጽሐፉ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ የመጣው መልስ ግን ፍለጋው አልተገኘም የሚል ነበር። ያን ጊዜ ሆልምስ የንግሥቲቱ የራሳቸው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር! ሥዕሉም ቤቱ ነበረ። አሳፋሪ ነው ከማለት ሌላ ቃል አላገኘንም። በ1905 የሥዕሉ ፎቶግራፍ በአንድ የለንደን መጽሔት ወጣ። ሆልምስ ከሞተ በኋላ በ1917 በክሪስቲስ ሐራጅ ተሸጠ፤ በ1950ም እንደገና ተሸጦ ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ የተባለ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ገዛው። በ1998 አንድ ጋዜጠኛ ፖርቱጋል ውስጥ በባንክ ካዝና ተቆልፎበት መኖሩን ጻፈ።

የገዛው ሰው ገንዘቡን ከፍሏል፣ ምን በደለ? የሚል ይኖራል። እኛ አንስማማም። የሐራጅ ደረሰኝ የመጨረሻውን ሽያጭ ያሳያል እንጂ የመጀመሪያውን አወሳሰድ አያጠራም። ደግሞም መመለስ የማይቻል ነገር አይደለም። በ2002 ከኤድንበራ አንድ ታቦት ተመልሷል፤ በ2019 የለንደኑ የጦር ሙዚየም የቴዎድሮስን ጸጉር መልሷል።

ይህን ሁሉ ለእኚያ እናት ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «የኔንስ መሶብ ማን ወሰደው?» አሉ። አገር በገቡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ መርካዝ ቅሊጣ ሳሉ፣ አንዲት ጎብኚ መሶባቸውን በጥቂት ሼቄል ገዝታቸው ኖሯል። ከዓመታት በኋላ የልጅ ልጃቸው በአንድ ኤግዚቢሽን ያንኑ የመሰለ መሶብ አየ። በሥሩ የተጻፈው «ኢትዮጵያ» ብቻ ነው፤ የሰፊዋ ስም የለም፣ መንደሯም የለም። ያው ይሁን ሌላ ማረጋገጥ አልቻልንም። በእርግጥ እሳቸውን የዘረፈ ጦር የለም፤ ተስማምተው ሸጠዋል። ነገር ግን ቋንቋ ሳያውቁ፣ ለልጅ ጫማ ለመግዛት የተስማሙት ስምምነት ነው።

እኛ በየቤቱ ስንዞር ኦሪት፣ ስፌት፣ የብር ጌጥ፣ የሸክላ ሥራ እናያለን። ልጆቹን የማን ነው ብለን ስንጠይቅ «የአያቴ መሰለኝ» ይላሉ። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በማኅበሩ ቢሮ አንድ መዝገብ ከፍተናል። ዕቃውን ማምጣት አያስፈልግም፤ ማን ሠራው፣ የት መንደር፣ በማን እጅ አለፈ የሚለውን በአማርኛም በዕብራይስጥም እንጽፋለን። የመጀመሪያውን ገጽ እኚያው እናት አስሞልተውታል። የሰፉት የባለቤታቸው እናት ናቸው፤ ክዳኑ ቀይና ጥቁር ነበር፣ ጫፉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ክር ሳትጨረስ ቀርታለች።