ግድግዳ የሚያንኳኳው ሰው

ገበሬ አዝመራውን ከመክተቱ በፊት ጎተራውን ይፈትሻል፤ የተሰነጠቀውን በጭቃ ይመርጋል። ስሙን ከእህል ማከማቻ በወሰደው በአዲስ አበባው ጎተራም፣ ኮንዶሚኒየም ሊገዛ የመጣ ሰው ግንበኛ አስከትሎ ደረጃውን ሲወጣ ሳይ ደስ ይለኛል።

ግንበኛው ስለ ዋጋ አያወራም። ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከብሎኬቱ ሳይላቀቅ አይቀርም። አንጋጦ ጣሪያውን ያያል፤ ቢጫ እድፍ ካገኘ የላይኛውን ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ይጠረጥራል። ክፍሉ አርጅቶ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ እዚያ ይቆማል፣ በመዳፉ ይዳብሳል። ቧንቧ ከፍቶ፣ የሽንት ቤቱን ውሃ ለቅቆ ጆሮውን ይሰጣል። ይህን ትዕግሥት ከልቤ አከብረዋለሁ።

የባንክ ገማች መሐንዲስም ይመጣል፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። እሱ ካርታውን ከቤቱ ያመሳክራል፣ ስፋቱን ይለካል፣ የግንባታውን ደረጃና ዕድሜ ይመዝናል። ግምቱ ባንኩ የሚያበድረውን ገንዘብ ለመጠበቅ ነው። ግድግዳ ውስጥ ስለሚያፈስ ቱቦ ለገዢው ይነግራል ብሎ መጠበቅ ስህተት ነው፤ ብዙዎች ግን ባንክ ገምቶታል ብለው ይፈርማሉ።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት፣ ቢቻል በሐምሌ ዝናብ ማግስት፣ ግንበኛውን ይዘው ይሂዱ። የድካሙንም ዋጋ ሳይከራከሩ ይክፈሉት።