ከተጣለ ዕቃ የሚነሳ ብርሃን

ባሌ ውስጥ፣ ሮቤ ወይም ጎባ ተቀምጦ ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ወጣት ከመሥራት በፊት መፍታት ይማራል። መርካቶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ምናለሽ ተራ ወርዶ አሮጌ ቦርድ አገላብጦ መርጦ መመለስ በየሳምንቱ የሚገኝ ዕድል አይደለም። ስለዚህ ዓይኑ ጎረቤት የጣለው ላይ ያርፋል፦ የሞተ ቻርጀር፣ የተሰነጠቀ ሬዲዮ፣ ቆራሌው ሳይደርስበት የተረፈ ዲኮደር፣ የተቃጠለ ቆጣቢ አምፖል።

አምፖሉን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የኃይል እጥረቱ በበረታበት ጊዜ፣ ባለ ክሩን አምፖል እንዲተካ በሚሊዮን የሚቆጠር ቆጣቢ አምፖል በአገሪቱ ታድሏል። ይህ አምፖል ሲሞት ብዙውን ጊዜ የሚሞተው የመስታወቱ ክር ነው። አንገቱ ውስጥ ያለችው ክብ ቦርድ አራት ዳዮድ፣ ሁለት ትራንዚስተርና ጣት ላይ እንደ ቀለበት የማትገባ ትንሽ የፌራይት ክብ እንደያዘች ትቀራለች። ማውጣቱ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። መስታወቱ ሜርኩሪ ስላለበት አይሰበርም። ቦርዱ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተርም የ220 ቮልቱን ጫፍ፣ 310 ቮልት ገደማ፣ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊይዝ ይችላል። በሬዚስተር ሳያራግፍ እጁን የሰደደ ሰው ትምህርቱን በአንድ ጊዜ ያገኛል።

ከዚያች የፌራይት ክብ የሚሠራው ነገር በየአገሩ ጀማሪዎችን ያስደስታል። ጁል ቲፍ ይሉታል። ንድፉ በ1999 እ.ኤ.አ. በአንድ የእንግሊዝ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነው የታወቀው። ሥራው ሬዲዮው «አለቀ» ብሎ የተፋውን የባትሪ ድንጋይ ወስዶ ነጭ ኤልኢዲ ማብራት ነው። ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ አዲስ ድንጋይ እንኳ ያለው 1.5 ቮልት ነው፤ የተጣለው ደግሞ 0.9 ወይም 0.8 ላይ ወርዷል። በቀጥታ ቢያያዙ ምንም አይበራም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ጎን ለጎን ተይዘው በክቧ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ይጠመጠማሉ። የአንደኛው ሽቦ መጨረሻ ከሁለተኛው መጀመሪያ ጋር ተጣምሮ ወደ ድንጋዩ ፖዘቲቭ ይሄዳል። ከቀሩት ሁለት ጫፎች አንዱ ወደ ትራንዚስተሩ ኮሌክተር፣ ሌላው ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ መስመር ባላት የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ቤዙ ይገባል። ኤሚተሩ ወደ ኔጋቲቭ። ኤልኢዲው በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል። አለቀ። ትራንዚስተሩ ሲከፈት ሽቦው ውስጥ ያለው ከረንት ያድጋል፤ ማደጉ ሲቆም ትራንዚስተሩ ድንገት ይዘጋል፤ ሽቦው ያጠራቀመው ኃይል መውጫ ሲያጣ ቮልቱን ወደ ላይ ገፍቶ በኤልኢዲው በኩል ይወጣል። ይህ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ስለሚደጋገም ዓይን ብልጭታውን አይለይም፤ የሚያየው የማይቋረጥ ብርሃን ነው። ድንጋዩ እስከ ግማሽ ቮልት አካባቢ እስኪወርድ ይሠራል።

ጀማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ የሁለቱን ሽቦዎች መጀመሪያ ከመጀመሪያ ያገናኛል። ያኔ ኤልኢዲው ዝም ይላል፤ ልጁም ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል ብሎ ሌላ ይፈታል። ሁለት ጫፎችን ማቀያየር በቂ ነበር። ሌላም አለ። ከአምፖሉ የወጣው ትራንዚስተር ለከፍተኛ ቮልት የተሠራ በመሆኑ እዚህ ይሰንፋል፤ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ትንሹ ይሻላል። እውነቱን ለመናገር ብርሃኑም ብዙ አይደለም፤ ተማሪ አያስጠናም። በሌሊት በረት ውስጥ በግ ለመቁጠር ግን ይበቃል። መልካ ዋከና ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋቢ ሸበሌ ላይ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ለባሌ ደጋ ጎረቤት ሆኖ ሳለ፣ መስመሩ ያልደረሰበት ቤት ዛሬም በድንጋይ ነው የሚያመሸው።

ደጋው ራሱ ደግሞ መምህር ነው። አርዱይኖ በሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ ላይ የሙቀት መለኪያ የገጠመ የጎባ ተማሪ፣ መጽሐፉ እንዳዘዘው መለኪያውን በፈላ ውሃ ይፈትነዋል። መለኪያው 91 ይላል። 100 ሲጠብቅ የነበረው ልጅ «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብሎ ይቆጣል። መለኪያው ግን ትክክል ነው፤ ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው እዚያው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ከጎባ ሽቅብ ወደ ሳነቴ ሲወጣ ነገሩ ይከብዳል። አምባው በ4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ይደርሳል፤ በበጋ ሌሊት ውርጩ ውሃ ያረጋል። አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ በደንብ የሠራ መለኪያ እዚያ የሚወድቀው በባትሪው ነው። አንድ አርዱይኖ ኡኖ ምንም ሳይሠራ እንኳ 45 ሚሊ አምፒር ገደማ ይበላል፤ 2,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዙ ድንጋዮች ሁለት ቀን ተኩል ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ብርዱ ሲጨመር ከዚያም ያንሳል። መፍትሔው ባትሪ መደርደር አይመስልም፤ ቺፑን ለብቻው አውጥቶ በየአሥር ደቂቃው እንዲነቃ፣ ቀሪውን ጊዜ እንዲተኛ ማድረግ ነው። ሲተኛ የሚበላው በሚሊ ሳይሆን በማይክሮ አምፒር ይቆጠራል። በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀሩትንና ከግማሽ በላይ በባሌ የሚኖሩትን ቀይ ቀበሮዎች በአንገት ሬዲዮ የሚከታተል ተመራማሪም የሚታገለው ከዚሁ ከባትሪ ጋር ነው።

ተሟልቶ የሚሸጥ ኪት መጥፎ አይደለም፤ ድፍረት ይሰጣል። ነገር ግን ኪት ማገናኘትን እንጂ መለካትን አያስተምርም። ከተጣለ ቦርድ የጀመረ ልጅ እያንዳንዱን ዕቃ በቴስተር ሳይጠይቅ አያምነውም፤ ይህ ልማድ በኋላ ሞባይል ሲጠግንም ሶላር ሲዘረጋም አብሮት ይኖራል።

የማይነካም አለ። ከላፕቶፕ ባትሪ የሚወጡት ክብ ሊቲየሞች ለጀማሪ ያጓጓሉ፤ ቁመታቸው 65 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 18፣ ሲሞሉ 4.2 ቮልት ናቸው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረጉ ውስጣቸው ሊቲየም ብረት ሆኖ ይጋገርና በኋላ ሊቃጠሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሳነቴ ላይ በውርጭ ሌሊት ቻርጅ አይደረጉም። የተቀጠቀጠውን፣ ቮልቱ እስከ ዜሮ የወረደውንና ከሞባይል ወጥቶ ያበጠውን ጠፍጣፋ ባትሪ መልሶ ለመሙላት አይሞከር። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ፣ ከቤት ውጭ፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቆ ማስቀመጥ ብቻ ነው።