የአደጋ ጊዜ መመሪያ መጽሐፍ በሐረጎ መንገድ ሲመዘን

አንድ የሥልጠና መጽሐፍ የሚመዘነው በያዘው ዕውቀት ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ዕውቀቱ በሚፈለግበት ሰዓት በቦታው ለሚገኘው ሰው በመድረሱ ጭምር ነው። የአሜሪካ፣ የካናዳና የሜክሲኮ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች በየአራት ዓመቱ እያደሱ የሚያወጡትና በ2024 እ.ኤ.አ. እንደገና የታተመው «የአደጋ ጊዜ ምላሽ መመሪያ» አደገኛ ዕቃ ሲፈስ ወይም ሲቃጠል ቀድመው ለሚደርሱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። መጽሐፉ በደሴና በኮምቦልቻ ለማስተማሪያነት ቢውል ምን ይጠቅማል? ምንስ ይጐድለዋል?

ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገባ የነዳጅ ቦቴ ወደ ሰሜን ለመቀጠል የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ በደሴ ከተማ ማለፍ አለበት። ኮምቦልቻም የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች፣ እንዲሁም በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኙባት ከተማ ናት።

የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት ቁጥር ነው። ቤንዚን 1203፣ ክሎሪን 1017፣ ሰልፈሪክ አሲድ 1830 ናቸው። አንባቢው ከተሽከርካሪው ላይ ያነበበውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር በቢጫው ገጽ ፈልጎ፣ ወደ ብርቱካናማው ገጽ ተመርቶ ማድረግ የሚገባውን ያገኛል። ዕቃው ምን እንደሆነ ያልታወቀ እንደሆነ መመሪያ 111 ይጠቀሳል። እንግሊዝኛ የማያውቅ የሾፌር ረዳት እንኳ አራት አኃዝ አንብቦ በስልክ ማስተላለፍ ስለሚችል፣ ይህ ከማስተማር ጥበብ አንጻር የሚመሰገን ሥራ ነው።

ሆኖም ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ።

አንደኛው ርቀትን ይመለከታል። ቤንዚን የሚገኝበት መመሪያ 128 ፍሳሽ ሲሆን ቢያንስ 50 ሜትር፣ ታንኩ በእሳት ሲያያዝ 800 ሜትር በየአቅጣጫው እንዲለቀቅ፣ ሰዎችም ከነፋሱ ወዲህና ከፍ ባለው ሥፍራ እንዲቆዩ ያዝዛል። ትእዛዙ ትክክል ነው። ነገር ግን ሐረጎን በመሰለ ተጣጣፊ መንገድ ላይ የመንገዱ ርዝመትና የቀጥታው ርቀት አይገናኙም። በታችኛው ጠመዝማዛ የቆመ ሾፌር ብዙ የራቀ ሲመስለው ከፍሳሹ ሥር ሊሆን ይችላል፤ የቤንዚን ተንም ከአየር ስለሚከብድ ወደ እርሱ ይወርዳል።

ሁለተኛው፣ ቁጥሩ የሚያገለግለው ከዕቃው ጋር እስካለ ድረስ መሆኑ ነው። ከበርሜል ወደ ጀሪካን የተገለበጠ ኬሚካል ቁጥሩን ያጣል። በቆዳ ፋብሪካ ሶዲየም ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ማሽተትን ስለሚያደነዝዝ፣ የወደቀውን ጓደኛውን ለማዳን የሚገባውን ሠራተኛ ጭምር ይገድላል። መጽሐፉ ለትራንስፖርት አደጋ መዘጋጀቱን ራሱ ስለሚናገር፣ እዚህ ላይ ስሕተቱ የጸሐፊዎቹ ሳይሆን ለፋብሪካ ሥልጠና እንዳለ የሚገለብጠው አሠልጣኝ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የሕዝቡ ጉዳይ ነው። መጽሐፉ ያልተፈቀደላቸው ሰዎች እንዲርቁ ሲያዝዝ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በፓኪስታን ባሃዋልፑር አጠገብ በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ከ200 በላይ፣ በሴራሊዮን ፍሪታውን በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ከ100 በላይ ሰዎች ያለቁት፣ ከቦቴ የፈሰሰ ነዳጅ ለመቅዳት ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው። እነዚህ ሰዎች የጐደላቸው የቤንዚን ቁጥር አልነበረም። ነዳጅ ለድኻ ገንዘብ ነው፤ ተኑ ከኩሬው ርቆ እሳት እንደሚስብ ያላወቀ ሰው «ራቅ» ስለተባለ ብቻ ጀሪካኑን አይጥልም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ ግን በመንገድ ዳር ላለው ገበሬ፣ እረኛና ተማሪ አይደርስም። ለእነርሱ ሊደርስ የሚችለው ትምህርት ቤት ነው። በሆጤ የሚያስተምር የኬሚስትሪ መምህር የጋዝን ክብደት ሲያስረዳ የቤንዚንን ተን በምሳሌነት ቢያነሣ፣ የጂኦግራፊው መምህርም ተማሪዎቹን በሐረጎ ካርታ ላይ የ800 ሜትር ክብ ቢያስነድፍ፣ ተጨማሪ በጀት ሳይጠየቅ ከመጽሐፉ የጐደለው ይሞላል። ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀረው ሥራ ዋና ዋናዎቹን ትእዛዞች በአንድ ገጽ አሳጥሮ፣ መንገዱ በሚያልፍባቸው ሕዝቦች ቋንቋዎች ማለትም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ማቅረብ ነው።

በጠቅላላው መጽሐፉ ለሠለጠነ ተከላካይ የታመነ መሣሪያ ነው። በሐረጎ ግን ከተከላካዩ በፊት የሚደርሰው ጀሪካን የያዘው ሰው ስለሆነ፣ ሥልጠናው ከእርሱ ሊጀምር ይገባል።