የድምፃዊው ስጦታና የአጣዬ ጥያቄ

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥላ የማትቆም መሆንዋ ከተነገረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ አንድ ድምፃዊ ለተቸገረ ወገን ገንዘብ ሲሰጥ ወይም አድማጮቹን ለልገሳ ሲያስተባብር፣ ሐያስያን አብዛኛውን ጊዜ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ዘፈኑ በዜማው፣ በግጥሙና በቅንብሩ ይመዘናል፤ ስጦታው ግን በምስጋና ብቻ ይታለፋል። ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአድማጭ ፊት የሚደረግ ልገሳ ራሱ የመድረክ ሥራ ነው፤ ይዘትና ቅርፅ አለው፤ ተረጂውም ማን እንደሆነ ለዓለም ይናገራል። ስለዚህ ሊመዘን ይገባዋል።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ታላቁ ምሳሌ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ረሃብተኞች ምስል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ፣ ባንድ ኤይድ የተሰኘው የዘፋኞች ስብስብ በኅዳር ወር ለንደን ላይ ዘፈን ቀረፀ፤ በጥር ወር የአሜሪካ ዘፋኞች ተከተሉ፤ ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ ላይቭ ኤይድ በለንደንና በፊላዴልፊያ ተካሄደ። የተሰበሰበው ገንዘብ ሕይወት ያተረፈ መሆኑ አይካድም። ሆኖም የመጀመሪያው ዘፈን ርእስ ረሃብተኞቹ ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ይህ ጥያቄ የቀረበው ላሊበላ የምትገኝበትን፣ ገናን ከመላው አገር በሚመጡ ምእመናን የሚያከብረውን የወሎን ሕዝብ በሚመለከት ነው። ለጋሹ ስምና ድምፅ ነበረው፤ ተረጂው ግን ምስል ብቻ ሆኖ ቀረ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ዘፈኑ በአዲስ ቅንብር ሲወጣ፣ ትውልደ ጋናዊው ፊውስ ኦዲጂ የአፍሪካን ክብር የሚነካ መሆኑን ገልጾ ተቃወመ፤ ድምፁ በቅንብሩ የገባው ኤድ ሺራንም ቢጠየቅ ኖሮ እንደማይፈቅድ አስታወቀ።

ኢትዮጵያውያን ከያንያን ለዚያ ምስል መልስ የሰጡት ቀደም ብለው ነበር። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስያሜ ብዙ አገሮችን የዞረው የኪነት ቡድን ተልእኮ በረሃቡ ጊዜ ለተደረገው ዕርዳታ ምስጋና ማቅረብ ነበር። የዓለም ተመልካች በተዘረጋ እጅ ብቻ ያወቀውን ሕዝብ በዚያ መድረክ በእስክስታው፣ በማሲንቆውና በከበሮው አየው።

በዚህ ዘመን ጉዳዩን በአዲስ መልክ ያነሣው ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1982 ዓ.ም. ቶሮንቶ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊክንድ ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ጦርነት አገሪቱን ባስጨነቀበት ሰዓት፣ በዓለም ምግብ ፕሮግራም በኩል ለኢትዮጵያ 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ይህም 2 ሚሊዮን የምግብ ድርሻ የሚሸፍን መሆኑ ተገለጸ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የድርጅቱ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኤክስ.ኦ የተባለውን የሰብአዊ ዕርዳታ ፈንድ አቋቋመ። በሰሜን አሜሪካ ባደረገው ዙርም ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ትኬት 1 ዶላር ለፈንዱ እንዲገባ አደረገ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከዚሁ ፈንድ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ለጋዛ ሕዝብ ምግብ ዋለ።

የዚህ አሠራር ብልጫ በቅርፁ ላይ ነው። አድማጩ እንዲያለቅስ አይጠየቅም፤ የተራቆተ ሕፃን ምስል አይቀርብለትም። ድርሻው ትንሽ፣ የታወቀና ለሁሉም እኩል ነው። በይፋት ቆላ ማሽላ በደቦ ሲታጨድ አውራጁ ዜማውን ያነሣል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፤ ሁለቱም ግን ማጭድ ይዘዋል። የትኬቱ ዶላርም አድማጩን ከተመልካችነት ወደ ተቀባይነት ያሸጋግረዋል።

ነገር ግን በደቦ ማሳው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ምን ያህል እንደታጨደም ማታ ይታያል። የታላቁ ፈንድ ጉድለት ከዚህ ላይ ነው። የምግብ ድርሻ ተቆጥሮ ይነገራል፤ የበላው ሰው አገርና መንደር ግን ከመድረኩ አይሰማም። ይኸው ድምፃዊ በ2008 ዓ.ም. ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሰጠው 50,000 ዶላር ከሚሊዮኑ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነበር። ሆኖም ገንዘቡ የተሰጠው የከተማዋ ኢትዮጵያውያን ለተሰለፉበት ለግዕዝ ትምህርት ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ትምህርቱ ተጀመረ። የስጦታው ዓላማ ስም ስለነበረው ውጤቱም ስም አገኘ።

የአጣዬ ጥያቄ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የአንድ ሚሊዮኑ ዶላር ስጦታ ከተነገረ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ አጣዬ በደረሰባት ጥቃት በአብዛኛው ተቃጠለች፤ ነዋሪዎችዋም ተሰደዱ። ለተፈናቃይ እህል የመጀመሪያው አስፈላጊ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ ለነደደበት ሰው ከእህል ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ አጠናና ምስማር፣ ለነጋዴው የሱቅ ዕቃ፣ ለገበሬው የማሽላና የማሾ ዘር፣ ለተማሪው ጥቁር ሰሌዳ ያስፈልገዋል። እነዚህን በምግብ ድርጅት መዝገብ መፈለግ አግባብ አይደለም፤ ድርጅቱ የተቋቋመው ለሌላ ሥራ ነውና። ጎዶሎውን ሊሞላ የሚችለው ለአካባቢው የቀረበው መድረክ ነው።

ከዚህ አንፃር ለኪነት ቡድኖች፣ ለመምህራንና ለባህል ሠራተኞች ሦስት ነገሮች ሊሰመርባቸው ይገባል። አንደኛ፣ ከመግቢያው ዋጋ ለልገሳ የሚውለው ስንት ብር እንደሆነና ምን እንደሚገዛበት ትዕይንቱ ከመከፈቱ በፊት ይነገር። ሁለተኛ፣ የተገዛው ቆርቆሮ ቁጥር በሚቀጥለው ትዕይንት ከዚያው መድረክ ላይ ይነበብ፤ የእድር ዳኛ በአባላቱ ፊት ሒሳብ ያሰማ የለምን? ሦስተኛውና ከባዱ ግን የይዘት ጉዳይ ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በሰንበቴ ገበያ ጎን ለጎን በሚሸምቱበት አካባቢ፣ ለአንዱ ቤት መሥሪያ የሚዘፈን ዘፈን የሌላውን ቤት የሚያስጨንቅ ከሆነ፣ የሚሰበሰበው ብር ለሚቀጥለው ቃጠሎ ማገዶ ይሆናል። ሐዘንን በስሙ መጥራት ይገባል፤ ቂምን ማዜም ግን ልገሳ ሊባል አይችልም።

አቤል ተስፋዬ ከትኬት ላይ አንድ ዶላር በማንሣት ብዙ ሰው በጥቂቱ ሊረዳ እንደሚችል አሳይቷል። አጣዬና ሸዋ ሮቢት ያሉ ከያንያን ያን ያህል አድማጭ የላቸውም፤ እርሱ የሌለው ግን አላቸው። ማሳው የማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ጣሪያው መቆሙንም በዓይናቸው አይተው መመስከር ይችላሉ።