«ፊደል» የሚለው ቃል በኮምፒውተር ሙያ ያስከተለው አሻሚነት፤ ከኤረር በር የተገኘ ማስረጃ

ስለ ሙያዊ ቃላት የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው ባዕዱን ቃል እንዳለ እንቀበል ወይስ አገርኛ ስያሜ እናውጣለት በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ይሁንና የራሳችን የሆነውና ማንም የማይጠረጥረው ቃል የሚያስከትለው ችግር ከዚህ አያንስም። ለዚህ አስተያየት መነሻ የሆነው «ፊደል» ነው።

ሐረር ከተማ፣ ከኤረር በር አጠገብ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የሐረሪና የአማርኛ የቃላት ዝርዝር እናሰናዳ ነበር። እያንዳንዱ ተራ «በሪ፤ በር» እንደሚለው ያለ ሲሆን መሪ ቃሉ ከድርብ ሠረዝ በፊት ይሰፍራል። መሪ ቃሉን በእጅ እያደመቁ መሄድ አታካች ስለሆነ ለዚሁ የሚያገለግል ማክሮ፣ ይኸውም አንድ ጊዜ ተቀርጾ በተፈለገ ጊዜ የሚደገም የትእዛዞች ሰንሰለት፣ ተዘጋጅቶ ነበር። ማክሮው ድርብ ሠረዙን ይፈልጋል፤ ከእርሱ በፊት ያለውን ቃል ያደምቃል፤ ወደሚቀጥለው ተራ ያልፋል። የጽሕፈት ፕሮግራሙ በአዲስ ዕትም ሲተካ (ይህን «ማሻሻል» ማለት የተለመደ ነው፤ የተሻሻለ ነገር ግን አላየንም) ማክሮው ሥራውን አቆመ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ቀላል ነበር። ማይክሮሶፍት ወርድ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ዕትም ጀምሮ ተራውን ሰነድ ማክሮ ከሚይዘው ሰነድ በፋይል ዓይነት ለይቷል። ማክሮው በሚገባው ዓይነት ተቀመጠና እንዲሠራ ተፈቀደለት። ከዚያ በኋላ ምንም የስሕተት መልእክት ሳያወጣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሄደ። በአሮጌዎቹ ገጾች እንደ ወትሮው አደመቀ፤ አዲስ ከተጻፉት ቃላት ግን አንዱንም አልነካም።

ጸሐፊዋ «ጋሼ፣ ፊደሉ ጠፍቷል» አለችኝ። የተጠራውም ባለሙያ ይህንኑ ሰምቶ አዲስ ፎንት ጫነ፤ ማክሮው እንደ ነበረ ቀረ። በማግስቱ ነገሩን በስልክ ያስረዳነው ሌላ ሰው «የአሮጌውን ጽሑፍ ፊደል ቀይሩት» ሲል መከረን። እኛም ሰነዱን በሙሉ መርጠን ፎንቱን ቀየርን። አሮጌዎቹ ገጾች ወዲያው ትርጉም ወደሌለው የላቲን ፊደል ክምር ተለወጡ። ደንግጠን ሁሉንም ወደ ቀድሞው ፎንት መለስነው፤ ሰነዱም ተቀምጦ ተዘጋ። አማርኛው ተመለሰ። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ በላቲን ፊደል የተጻፉት የዕፀዋት ሳይንሳዊ ስሞች፣ የጫት «ካታ ኤዱሊስ» ሳይቀር፣ የማይነበብ የግእዝ ፊደል ድርድር ሆነው ቀሩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ አንድ ባይት ከሚይዛቸው 256 ቦታዎች ያልፋሉ። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ፎንቶች የግእዙን ቅርጽ በላቲን ቁጥሮች ላይ አሰፈሩት፤ አንዳንዶቹ በሁለት የፎንት ፋይል ከፋፈሉት፤ ሌሎቹም አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ገጣጠሙት። ዩኒኮድ በ3.0 ዕትሙ፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.)፣ ለግእዝ ፊደል የራሱን ቁጥሮች ሰጠ፤ ሀ 4608፣ ድርብ ሠረዝ 4964 ሆኑ። አሮጌውና አዲሱ ገጽ በወረቀት ላይ መንትያ ናቸው፤ በውስጣቸው ግን ሌላና ሌላ ቁጥር ይዘዋል። ማክሮው የሚፈልገው አሮጌውን ነበር። በአሮጌው ሰነድ ደግሞ አንድ ቃል አማርኛ ወይም ላቲን መሆኑን የሚያመለክተው ፎንቱ ብቻ ነው፤ እኛም ያጠፋነው ይህንኑ ምልክት ነው።

እንግዲህ «ፊደል» በዚያ ንግግር ውስጥ ሦስት ነገር ሆኖ ነበር፤ ለጸሐፊዋ የምታነበው ፊደል፣ ለባለሙያው ፎንት፣ በስልክ ለመከረን ሰው የፊደሉ ቁጥር። ሦስቱም በየራሳቸው ትክክል ተናግረዋል። የከተማው ሰው ያንኑ በር በአማርኛ ኤረር በር፣ በሐረሪ አርጎብ በሪ ይለዋል፤ በስሙ መንታነት መንገድ የጠፋበት ሰው አላየሁም። ተርጓሚን የሚያስተው የዚህ ተቃራኒ ነው።

የፕሮግራሞች ተርጓሚዎች «ቁምፊ» እና «ቅርጸ ቁምፊ» የሚሉትን ቃላት በሥራ ላይ ማዋላቸው ልዩነቱን እንደተረዱት ያሳያል፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ሆኖም ሁለተኛው ስያሜ በመጀመሪያው ላይ የተገነባ በመሆኑ በፈጣን ንግግር «ቅርጸ» የሚለው ከተዘነጋ አሻሚነቱ እንደ ገና ይመለሳል። በጽሕፈት ቤቶቹም ሲነገር የሰማሁት «ፎንት» ነው። በእኔ አስተያየት «ፊደል» ለሚነበበው ብቻ ይጠበቅ፤ ቅርጹ «ፎንት»፣ ቁጥሩ «ኮድ» ይባሉ። ይህን የምለው ለባዕድ ቃል አድልቼ ሳይሆን ሦስቱ ቃላት በድምፅም በመልክም ስለሚራራቁ ነው። «ማክሮ» የሚለውን መተርጎም አለብን የሚሉ አሉ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ያሳሳተን እርሱ አልነበረም።

ማክሮውን ለማቃናት ድርብ ሠረዙን በውስጡ ብንለጥፍ የማክሮ መጻፊያው የግእዝን ፊደል ስለማይቀበል ወደ ጥያቄ ምልክት ለወጠው፤ በቁጥር 4964 ብለን ስንጽፈው ሠራ። አሮጌዎቹም ገጾች በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ተዛወሩ። የዕፀዋቱን ስሞች ግን ከእጅ ጽሑፉ እያየን አንድ በአንድ ዳግመኛ ጻፍናቸው።