እየተሰፋ የሚሰፋ

ጅግጅጋ ውስጥ የግመል ወተት በሚሸጥበት ቦታ ዛሬ የሚበዛው ፕላስቲክ ጀሪካን ነው። ከመሃሉ አንድ ሃን ካየሁ ግን ሳልዳብሰው አላልፍም። ሃን የሶማሌ እናቶች ከሥርና ከልጥ ቃጫ ጎንጉነው የሚሠሩት ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ዙር የበታቹን ነክሶ ይዞ ይወጣል፤ መርፌ ማስገቢያ አይገኝበትም። ውስጡ በፍም ስለሚታጠን ክዳኑ ሲነሳ ከወተቱ በፊት ጢሱ ይሸታል።

ውሎ ያደረው ወተት ኮምጥጦ ዳናን ይሆናል። አኮምጣጮቹ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከዚህ ወገን የሆኑት ላክቶባሲለስ አሲዶፊለስና ላክቶባሲለስ ሄልቬቲከስ ደግሞ እነሱ ራሳቸው ስፌት ለብሰዋል። ሳይንቲስቶች ኤስ-ሌየር ይሉታል። አንድ ዓይነት ፕሮቲን ብቻ እየተደጋገመ ሕዋሱን ዙሪያውን ይሸፍነዋል። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን ልብ ይሏል። እንዲህ ዓይነት ልብስ በለበሰ አንድ ባክቴሪያ ላይ 500,000 ያህል የፕሮቲን ቅንጣት ተሰልፎ ይገኛል። በመሃላቸው የሚቀሩት ቀዳዳዎችም ከ2 እስከ 8 ናኖሜትር ስፋት ይዘው፣ ቅጥ ሳይለቁ ይደጋገማሉ።

የሚሰፋው እጅ የታል? የለም። ሙያው ያለው በቅንጣቷ ቅርጽ ላይ ነው። በአንድ ወገኗ የሕዋሱን ግድግዳ ትጨብጣለች፣ በሌላው ጎረቤቶቿን። ሙጫ የለ፣ ቋጠሮ የለ፤ አያያዛቸው ለየብቻው ሲታይ ደካማ ነው፣ ብዛቱ ግን ያጠነክረዋል።

እናቴ አገልግል ስትሰፋ አንድ አለላ ከሳተባት ዙሩን ሁሉ ተርትራ እንደገና ትጀምር ነበር። ይህኛውንም መተርተር ይቻላል። ባክቴሪያው በተከማቸ የሊቲየም ክሎራይድ ጨው ሲታጠብ ልብሱ ቅንጣት በቅንጣት ይፈታል። ከዚያ ጨው ቀስ ተብሎ ይወገድ፤ የተበተኑት ቅንጣቶች ሕዋስ በሌለበት ውሃ ውስጥ ተፈላልገው፣ ያንኑ ጥለት ይዘው፣ ጨርቅ ሆነው ይገኛሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንደ አዲስ ይደንቀኛል።

ሃን አንዴ አፉ ከተዘጋ አያድግም። ባክቴሪያ ግን ያድጋል። በ20 ደቂቃ እጥፍ የሚሆን ሕዋስ ገላው እንዳይራቆት በየሰከንዱ 500 ያህል አዲስ ቅንጣት ያስፈልገዋል። እያንዳንዷ ቦታዋን አግኝታ ትገባለች፤ ልብሱም ከገላ ሳይወልቅ እየተሰፋ ይሰፋል።